እግርሽ ቀዝቅዟል ሲሉኝ

ለአስካለ፤

በልጃችን ሠርግ ቀን፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወስደሽ «ባሌ እንግሊዝኛ አይችልም» አልሽ። በደልሽኝ። ሌላ ስም አላወጣለትም። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ነገር ግን ይህን ሳልናገር ሰላም ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል፤ አንቺ ደግሞ ውሸቴን ገና ከሩቅ ነበር የምታውቂው። አሁን ወጣልኝ። እንግዲህ እንደምን ሰነበትሽ፣ አስኬ።

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። የዚህን አገር ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ጥቅምት ላይ ይጀምርና ለፋሲካ እንኳ አይለቅም። ሲያትል ዳር ቱክዊላ ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው። ባቡሩ በመስኮታችን ትይዩ ያልፋል። በሠርጉ ዓመት ምሰሶው ገና ሲተከል «ይሄ ነገር እኛ ሳንሞት ያልቅ ይሆን?» ትይ ነበር፤ አልቆ ዛሬ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ልጃችን ሕሊና ልብሶችሽን ሰብስባ ለሰው ሰጠች። አልከለከልኳትም። የሥራ ጫማሽ ግን ከበሩ ሥር አይነሳም አልኩ፤ ያ ነጩ፣ ተረከዙ በአንድ በኩል የተበላው። «አባባ፣ ማን ሊያደርገው ነው?» አለችኝ። «ማንም አያደርገውም። ይቀመጥ» አልኳት። የልጅ ልጅሽ ሶልያና አድጋለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። እኔም በእንግሊዝኛ እመልስላታለሁ። አዎ፣ እንግሊዝኛ መናገር ጀምሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ለምን እንደጀመርኩ ልነግርሽ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእግር ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ፊደል የለየሁት የጭነት መኪና ኋላ ላይ ከተጻፈ ጽሑፍ ነው። ናዝሬት ጋራዥ ስሠራ ቀኑን ሙሉ ከሩስያ መኪናዎች ሥር በጀርባዬ ተኝቼ እውል ነበር። እዚያ ሥር ሆኖ የሰው ፊት አይታይም። የሚታየው እግር ብቻ ነው። ቫሲሊ የሚባለው ሩስያዊ መካኒክ ከጎኔ ተኝቶ ቋንቋውን ያስተማረኝ በሚያልፍ በሚያገድመው እግር ነው። አለቃችን መሬቱን እየደበደበ ሲያልፍ «ዛሬ በማይሆነው እግሩ ተነሥቷል» ይለኛል። እኔም «እኛ አገር በግራ ጎኑ ተነሣ ነው የሚባለው» እለዋለሁ። ዘበኛው ደንግጦ ሲሮጥ ካየ «ነፍሱ ተረከዙ ውስጥ ገባች» ይላል። ሩስያ ሲፈራ ነፍሱ ከደረቱ ወርዳ ተረከዙ ውስጥ ትደበቃለች። እኛ ደግሞ «እግሬ አውጪኝ» ብለን እግራችንን እንማጸናለን። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ዘይት ዓይኔ ውስጥ እየተንጠባጠበ፣ የሰው ቋንቋ ለመድኩ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ያወቅሁትን ያወቅሁት በራሴ ስለሆነ ሲነካብኝ አልችልም።

አንቺንም ያገኘሁሽ በእግርሽ ነው። ሻይ ይዘሽ ስትመጪ ከመኪናው ሥር የሚታየኝ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ነበር። ፊትሽን ሳላውቅ አረማመድሽን አውቅ ነበር። ሻይ ቤትሽ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። «አረፍ በል እንጂ!» አልሽኝ። የምናገረው ጠፍቶኝ ቫሲሊ እንግዳ ሲያስቀምጥ የሚላትን አልኩ፤ «ቭ ናጋኽ ፕራቭዲ ኔት።» ምን ማለት ነው አልሽኝ። «እግር ውስጥ እውነት የለም» አልኩሽ። ምን ማለት እንደሆነ አሁንም አልገባሽም። «ቁጭ በል ማለት ነው» አልኩሽ፣ እዚያው እንደ ቆምኩ። «ታዲያ አንተው ብለኸው አንተው ትቆማለህ? ቁጭ በላ!» ብለሽ ሳቅሽ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ በትዳር ዘመናችን ሁሉ፣ ተቆጥቼ ቤቱን ስዞረው፣ «እግር ውስጥ እውነት የለም» ትይኛለሽ፤ እኔም እቀመጣለሁ። ከአንቺ በቀር ቁጭ በል ብሎኝ የተቀመጥኩለት ሰው የለም።

ሲያትል ስንመጣ እንግሊዝኛውንም እንደ ሩስያኛው ብቻዬን ተያያዝኩት። መጋዘን ውስጥ ሣጥን ስደረድር የሣጥኑን ጽሑፍ አነባለሁ፤ አውቶቡስ ላይ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ። አንቺ ግን ዴ ሞይን ሠፈር ከምትንከባከቢያቸው አሜሪካዊት አሮጊት ቃሉን ከአፋቸው ትለቅሚ ነበር። ሰዋስው የለው፣ ሥርዓት የለው። «ሶ» ሳትይ ዓረፍተ ነገር አትጀምሪም። «መኪናውን እዚህ ፓርክ አድርገው» ስትይኝ «አቁመው በይ» እልሻለሁ። «ሶ፣ አቁመዋ ፕሮፌሰር!» ትይኛለሽ። በስልክ ስትነጋገሪ ከኋላሽ ቆሜ ግሥሽን አርም ነበር። ሰዎቹ ግን የምትይው ይገባቸው ነበር። እኔ ያን ሁሉ ግሥ ይዤ የምለውን «ምን አልክ?» ይሉኝ ነበር። ይህን በሕይወትሽ አላልኩሽም።

ወደ ሠርጉ ልምጣ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ልጆቹ ፎቶ ሊነሡ ወደ ዴ ሞይን ባሕር ዳር ሄዱ። ንፋሱ እንደዚያ ቀን ሆኖ አያውቅም። ሕሊና ያደረገችው ያን ከክር በቀር ምንም የሌለው ጫማ ነው። አዳራሹ ሲደርሱ እግሯ ሰማያዊ ሆኖ መራመድ አቃታት። ከጓዳው ገብቼ አየኋት፤ ሚዜዎቿ እግሯን በነጠላ ጠቅልለው ያሻሉ። እኔ ወደ አዳራሹ ስመለስ መድረክ መሪው ልጅ ማይክሮፎኑን ይዞ መጣና «አባታችን፣ ሙሽሪት የት ቀረች? እንግዶቹም እንዲሰሙ በእንግሊዝኛ ይንገሩልን» አለኝ። ፊት ለፊት የተቀመጡት የሙሽራው የሥራ ባልደረቦች፣ ሁሉም አሜሪካውያን ናቸው። ደስ አለኝ። የዓመታት ድካሜ ለዚህ ቀን ነበር ብዬ አሰብኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ቃል በቃል፣ ግሥ በቦታው አድርጌ ተናገርኩ፤ «ማይ ዶተር ሃዝ ኮልድ ፊት። ቬሪ ኮልድ ፊት። ፕሊስ ዌይት።»

የልጄ እግር ቀዝቅዟል፣ በጣም ቀዝቅዟል፣ እባካችሁ ጠብቁ ማለቴ ነው። ይህ ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ? አዳራሹ ግን ጸጥ አለ። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ሙሽራው ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ አንድ ሰው የታመመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ያኔ ነው አንቺ ቀሚስሽን ሰብስበሽ እየሮጥሽ የመጣሽው። «ሶሪ፣ ሶሪ! ማይ ሃዝባንድ ኖ ኢንግሊሽ!» አልሽ። ከዚያ ለእኛ ሰው ዞረሽ «ይቅርታ አድርጉለት፣ ባሌ እንግሊዝኛ አይችልም፤ ልጅቷን የምሯን እግሯን በርዷት ነው!» አልሽ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራው ሳይቀር ወንበሩን ተደግፎ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ። አስኬ፣ ያንቺ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እኮ ግሥ እንኳ አልነበረውም።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ፈለግሁት። እንግሊዞች አንድ ሰው ሊያደርገው የተነሣውን ነገር፣ ይልቁንም ሠርጉን፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ሲፈራው «እግሩ ቀዘቀዘ» ይላሉ። የሩስያው ነፍስ ወደ ተረከዝ ትወርዳለች፤ የእንግሊዙ እግር ይቀዘቅዛል። ያንኑ ገጽ ገልጬ እኔ ያደረግሁትንም አገኘሁት። እንግሊዝ «እግሩን አፉ ውስጥ ከተተ» ይለዋል። ቫሲሊ «ኩሬ ላይ ተቀመጠ» ይለው ነበር። የእኛ ይብሳል፤ የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል፣ የአፍ ወለምታ በምን ይታሻል።

በሠርጉ ማታ ቤት ስንገባ ገና እየሳቅሽ ነበር። ፊቴን ስታዪ ተውሽው። «በሞቴ፣ ልጁ ሊሞትብን ነበር እኮ! ምን ላድርግ?» አልሽኝ።  «እግርህ ላይ ልውደቅ?» ብለሽ የምርሽን ጎንበስ አልሽ። እጅሽ ጫማዬን ሊነካ ሲል እግሬን ሰበሰብኩ። እጅሽ ምንጣፉ ላይ ቀረ። ያ እጅ ምንጣፉ ላይ የቀረበት ሁኔታ ከዓይኔ አይጠፋም። ያኔ ግን የታየኝ የአዳራሹ ሳቅ ብቻ ነበር። «ካልቻልኩ ካልቻልኩ፤ ሁለተኛ እንግሊዝኛ አልናገርም» አልኩሽ።

የተናገርኩትን እንደማልሽር ታውቂያለሽ። ለዓመታት አልሻርኩም። ባንክ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ የገበያ አዳራሹ ውስጥ፣ ሁሉ ቦታ «አንቺ ትችይ የለ፣ ተናገሪ» እላለሁ። ከሥራ ደክሞሽ መጥተሽ የእኔን የዓይን ቀጠሮ ታስተረጉሚያለሽ። ዋይት ሴንተር ካለው ሱቅ ገንዘብ ተቀባይዋ «ሃው አር ዩ?» ስትለኝ በሩስያኛ አመሰግናለሁ ለማለት «ስፓሲባ» እላታለሁ። አንድ ቀን ሴትዮዋ ሩስያኛ ተናጋሪ ሆና ተገኘችና ስታወራኝ፣ ስታወራኝ፣ አንቺ እስክትጨርስ ጠብቀሽ «ሶ፣ ፕሮፌሰር፣ በስንት ቋንቋ ልታኮርፈኝ ነው?» አልሽኝ። ልስቅ ነበር። ጥርሴን ነክሼ አለፍኩት።

ከዚያ ልብሽ ደከመ። ሐኪሞቹ ደረትሽ ውስጥ ትንሽ መሣሪያ እናስገባ አሉሽ፤ አንቺ ደግሞ «ላስብበት» እያልሽ አዘገየሽው። እንግሊዝ ለሚያዘገይ ሰው «እግሩን ይጎትታል» ይላል፤ ሩስያ «ድመት በጅራቷ ይጎትታል» ይላል። እኔ በልቤ ፈርታለች አልኩ። ፍርሃትሽን ለማየት እየጠበቅሁ ነበር መሰለኝ፤ ያ ነው የሚያሳፍረኝ።

ሐኪም ቤት ተኝተሽ ሳለ፣ የዚያን ቀን ጠዋት ሕሊና አጠገብሽ አድራ ሶልያናን ትምህርት ቤት ልታደርስ በመኪናው ሄዳለች። እኔ ከአልጋሽ አጠገብ ቆሜ ነበር። ነርሷ ገባች። ብርድ ልብሱን ከታች በኩል ገለጠች፣ ሁለቱንም እግርሽን ዳበሰች፣ መልሳ ሸፈነችው። ከዚያ ቀና ብላ ዓይኔን እያየች ቀስ ብላ «ሰር፣ ሄር ፊት አር ኮልድ» አለችኝ። እንግሊዝኛ ይገባሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ አይገባኝም። በእጇ ጠብቅ የሚል ምልክት ሰጥታኝ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ልታመጣ ወጣች።

አስኬ፣ እያንዳንዱ ቃል ገብቶኝ ነበር። ችግሩም እሱ ነው። እግሯ ቀዝቅዟል፤ ታዲያ ፈርታለች ማለት ነው አልኩ። ያን ቃል በምን ዋጋ እንደተማርኩት ታውቂያለሽ። አሁንስ አልታለልም፣ አሁንስ እንደ ሰው ሰማሁት ብዬ ውስጤ ኮራ። እግርሽን በእጄ ነክቼ ለማየት እንኳ አላሰብኩም። ቃሉን አውቀዋለሁና ምን ልነካ?

«ፈራሽ እንዴ?» አልኩሽ። ዓይንሽን ገልጠሽ አየሽኝ። «ቁጭ በል» አልሽኝ። ድምፅሽ እንደ ክር ቀጥኗል። «ቤት ሄጄ ጸበልሽን ላምጣልሽ፤ ያጽናናሻል፤ የሚያስፈራ ነገር የለም» አልኩሽ። ከዚያ ከከንፈርሽ ጫፍ ፈገግ ብለሽ «እግር ውስጥ እውነት የለም» አልሽኝ። ቀልድሽ መሰለኝ። ከቀለደች ደህና ናት ብዬ ወጣሁ። በሕይወቴ ያን ስትይኝ ያልተቀመጥኩበት ቀን ያ ብቻ ነው።

አውቶቡሱ ሲሄድ ዝናቡን እያየሁ ለሕሊና እንዴት እንደምነግራት አሰብኩ፤ «እናትሽ ፈርታ ነበር፣ እኔ ነኝ ያደፋፈርኳት» ልላት። ጸበሉን በኪሴ ይዤ ስመለስ መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። ነርሷ ስልኩን ዘረጋችልኝ። በስልኩ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴት በአማርኛ «አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችኝ። ስልኩን መለስኩላት። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ «ዋይ ዩ ዲድ ኖት ቴል ሚ?» አልኳት። ነርሷ መናገሬ ገርሟት ትንሽ አየችኝ። አልተቆጣችም። «አይ ቶልድ ዩ፣ ሰር» አለች። «አይ ቶልድ ዩ ሄር ፊት ዌር ኮልድ።»

ብርድ ልብሱን ገልጬ እግርሽን ያዝኩ። ቃሉ ከራሱ በቀር ሌላ ምንም ማለት አልነበረም።

ቫሲሊ እንዳለው ነፍስ ወደ ተረከዝ የምትወርድ ከሆነ፣ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ተረከዝሽን በሁለት እጄ መያዝ ነበረብኝ። ምናልባት አላስቀራትም ነበር። ብቻዋን ግን አትወጣም ነበር። አንቺ እግሬን ልትይዢ ስትጎነበሺ ሰበሰብኩት፤ እኔ ያንቺን የያዝኩት መሰብሰብ በማትችይበት ሰዓት ነው።

አሁን የቀረው የሕሊና ነገር ነው። ለቅሶው ላይ ሰው ቀለል ሲል «አባባ፣ ለምን ብቻዋን ተውካት?» አለችኝ። «ጸበል ላመጣ» አልኳት። «ነርሷ ነገርኩት ብላኛለች እኮ!» አለች። ምን ልበላት? ሁለት ጊዜ በአንድ ቃል ተሸነፍኩ ልበላት? «እኔ እንግሊዝኛ አልችልም» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። የሠርጉን ኩርፊያ እስከ አልጋሽ ድረስ ይዤ የሄድኩ መሰላት፤ እያወቅሁ ጥዬሽ የወጣሁ መሰላት። አላረምኳትም። የሰው ግሥ ሳርም የኖርኩ ሰውዬ የልጄን ሐሳብ ማረም አቃተኝ። እንደ ጨካኝ መታየት እንደ ሞኝ ከመታየት ቀለለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ምግብ ታመጣለች፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ትደረድራለች፣ መድኃኒቴን ታያለች። ግን አትቀመጥም። የመኪናዋን ቁልፍ በእጇ እንደያዘች፣ ከጫማሽ አጠገብ፣ በሩ ላይ ቆማ «ሌላ የምትፈልገው አለ?» ትለኛለች። «የለም» እላታለሁ። ትሄዳለች።

በሚመጣው ቅዳሜ ግን አለ እላታለሁ። «እግር ውስጥ እውነት የለም» እላታለሁ። ከአንቺ አፍ ስትሰማው ያደገችው ነገር ነው፤ እኔ ስለው ሰምታ አታውቅም። ትቀመጣለች ብዬ አስባለሁ። ስትቀመጥ ነርሷ ያለችውን፣ እኔ የሰማሁትን፣ አንቺ ቁጭ በል ያልሽኝን፣ አንድም ሳላስቀር እነግራታለሁ። ብትስቅብኝ ትሳቅ። ብታለቅስም አልነሣም።

አንቺን አልረሳሽም። ሰማያዊውን ነጠላ ጫማ አልረሳውም፣ ነጩንም ከበሩ አላስነሣም። ጠዋት ካልሲዬን ሳጠልቅ እግሬ የሞቀ እንደሆነ በእጄ እነካዋለሁ፤ የነካሁት ሁሉ አንቺን ያስታውሰኛል፤ ያስታውሰኝ። «አንድ እግሩ መቃብር ውስጥ ነው» የሚለውን እንግሊዙም፣ ሩስያውም፣ እኛም አንድ ዓይነት ነው የምንለው። እኔ ከዚያ ደርሻለሁ። የት እንደተኛሽ አውቃለሁ፤ ስመጣም አጠገብሽ ቆሜ አልቀርም።

የሠርጉ ነገር ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ሕሊና ስለነበረችበት ታውቀዋለች፤ እሱን አልደግምላትም። «ባሌ እንግሊዝኛ አይችልም» አልሽ። በሰው ፊት ማለትሽ በደል ነበር፤ አሁንም በደል ነው እላለሁ። ያልሽው ግን እውነት ነበር። ነርሷ አጠገብ በቆምኩ ጊዜ አልቻልኩም። ከዚህ በኋላ የሠርጉን ነገር አላነሣውም። ለልጅሽም፣ ለንስሐ አባቴም፣ ለአንቺም ቢሆን። ማንም ቢጠይቀኝ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠይቀኝ፣ አልመልስም።